ጅራቱ እየሾለከ ያስቸገረኝ የውኃ ስኪ

ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ጀልባ እየጎተተኝ፣ ሁለቱንም እግሬን በአንድ ስኪ (ውኃ ላይ በሚንሸራተት ረጅም ሳንቃ) አስገብቼ ስታጠፍ የስኪው ጅራት በድንገት ወደ ጎን እየሾለከ ይጥለኝ ነበር። ጀልባ ነጂው በጉልበቴ አመካኘ፤ እኔ ግን የጠረጠርሁት ዕቃውን ነው። ደብረ ብርሃን ስመለስ ስኪውን ገልብጬ ከጅራቱ ሥር ያለውን የብረት ክንፍ ብነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። ብሎኖቹ ላልተው ክንፉ ወደ ማቀፊያው ገብቷል። የክንፉ ጥልቀት ሲቀንስ ጅራቱ ውኃውን ጨብጦ መያዝ ያቅተዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ስኪው አልታጠፍ ይላል። የሚሊ ሜትር ሽራፊ እንኳ ለእግር ይታወቃል።

ከቶርኖ ቤት ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ሽራፊ የሚለካ መሣሪያ) ተውሼ ክንፉን አምራቹ ወዳስቀመጠው ልክ መለስሁት። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ክንፉን ስለሚገፉት ካጠበቅሁ በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ ቦታውንም በማይለቅ ቀለም አሰመርሁበት። ከዚያ ወዲህ ጅራቱ አልከዳኝም።

የእግር ማስገቢያው ጎማ ሌላ ጣጣ ነው። የደጋ ፀሐይ ክፉ ናት፤ አጥቤ በጥላ አደርቀዋለሁ። እግሬ አልገባ ሲል የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንጂ ግሪስ አላስነካውም፤ ጎማ ይበላል። ያገለገለ ስኪ የምትገዙም ከቀለሙ በፊት ጎማውን ለጥጣችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።