ጡት የለመደ ህፃን ጡጦ እንዲቀበል ምን እናድርግ?

ሥራ የምትመለሺበት ቀን ሲቃረብ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳል። «ልጁ ጡጦ አልቀበልም ቢለኝስ?» አይዞሽ። ከጡት ሌላ የማያውቅ ልጅ ጡጦ ባዕድ ቢሆንበት አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጪ። ልጁ መጥባት በደንብ እስኪለምድ፣ ወተትሽም እስኪደላደል ከ3 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ጥሩ ነው። ሥራ ልትገቢ ዋዜማው ላይ መጀመር ግን ለሁለታችሁም ጭንቅ ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም በይ።

ለመጀመሪያው ቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የታለበ የጡት ወተት ይበቃል። ገና ልምምድ ስለሆነ ቢደፋም ብዙ አያስቆጭም። ጡጦውንና ጫፉን በሳሙና እጠቢ፣ ለ5 ደቂቃ ቀቅይ፣ ከዚያ አቀዝቅዢ። ጫፉ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ይሁን። ወተቱን ለማሞቅ ጡጦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተው የልጁን አፍ ሊያቃጥል ይችላል። የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው፤ ለብ ካለ ይበቃል።

ጡጦውን አባት ወይም አያት ቢሰጡት ይሻላል። አንቺ ከክፍሉ ውጪ። ልጁ ጠረንሽን ያውቀዋል፤ ጡቱ አጠገቡ እያለ ጡጦ ለምን ይቀበላል? ደግሞ በጣም ሳይርበው ይሁን። በረሃብ የሚያለቅስ ልጅ አዲስ ነገር የሚሞክርበት ትዕግስት የለውም።

አሁን ዋናው ነገር አሰጣጡ ነው። ጡት ላይ ወተቱን የሚስበው ልጁ ራሱ ነው፤ ሲፈልግ ይጠባል፣ ሲፈልግ ያርፋል። ልጁን አንጋሎ ጡጦ ከደፉበት ግን ወተቱ ያለ ፍላጎቱ ይወርድበታል። ስለዚህ ቀና አድርጋችሁ እቀፉት። ጫፉን ከንፈሩ ላይ ነካ ነካ አድርጉና አፉን እስኪከፍት ጠብቁ፤ እንዳትከቱበት። ጡጦው አግድም ይያዝ። በየ20 ወይም 30 ሰከንዱ ዝቅ አድርጉለትና ይተንፍስ። ፊቱን ካዞረ፣ ጣቶቹን ከዘረጋ ወይም ወተቱ በአፉ ጥግ ከፈሰሰ አቁሙ። «ትንሽ ነው የቀረችው» ብሎ ማስጨረስ ልጁን ጡጦ ከማስጠላት ሌላ ጥቅም የለውም።

እምቢ ካለ አትታገሉት። አባብሉት፣ ሌላ ሰዓት ወይም በማግስቱ ሞክሩ። አንዳንዱ ልጅ ጀርባውን ደረት ላይ አስደግፈው እየተንሸራሸሩ ሲሰጡት ይቀበላል። ጫፉን በሙቅ ውሃ ለብ ማድረግም ይረዳል። ፍሪጅ የቆየ ወተት ደግሞ አንዳንዴ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው እንዲህ የሚያደርገው። አልተበላሸም፣ ግን ጣዕሙን የሚጠሉ ልጆች አሉ። ወዲያው በታለበ ወተት ሞክሪና ልዩነቱን እይ።

የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰው ድፊው። እሱ ጡጦ በሚጠጣበት ሰዓት አንቺም እለቢ፤ ካልታለበ ወተትሽ ይቀንሳል።

ሁሉም ተሞክሮ ጡጦ ጨርሶ እምቢ ካለስ? በትንሽ ኩባያ መስጠት ይቻላል። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ የኩባያው ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አርፎ፣ ወተቱን ራሱ እየላሰ ይጠጣል። ወተቱን አፉ ውስጥ አታፍስሺበት። ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ድክም ካለ ግን ሳትቆዪ ለጤና ባለሙያ አሳዪው።