የዘጠኝ ሰዓቱ ስላይድ፦ ጀማሪ ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ጎንደር መጥቶ ነበር። ሥራ የጀመርነው አብረን ነው፤ አንድ ማይክሮስኮፕ እየተፈራረቅን። ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ዘመን ሄደ። «ያን የዘጠኝ ሰዓት ስላይድ ታስታውሰዋለህ?» አለኝ። እንዴት እረሳዋለሁ! የማስተምራቸው ልጆች ያንኑ ስህተት በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ደግመውታል። ስለዚህ ያወራነውን ልጻፈው።

ሰዓትና ቀንን እንደመጣ መጻፍ

ደምቢያ ውስጥ የሆድ ትላትል ጥናት ነበረን። ጠዋት ከልጆች ሰገራ እንሰበስባለን፤ እዚያው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የካቶ ካትዝ ስላይድ (የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ለመፈለግ ሰገራው የሚቀባበት መስታወት) እንሠራለን። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ደርድረን ጎንደር እንመለስና ከሰዓት በኋላ እናያለን። የወስፋት እንቁላል ሞልቷል። የቢልሃርዝያም አለ። የመንጠቆ ትል ግን አንድም የለም። ደስ አለን። መንደሩ ከመንጠቆ ትል ነፃ ነው ብለን ሪፖርት መጻፍ ጀመርን።

የላብራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሽያን ሪፖርቱን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ስላይዱ የተሠራው ስንት ሰዓት ነው? የታየውስ?»

በካቶ ካትዝ ሰገራውን ብርሃን እንዲያሳልፍ የሚያደርገው ግሊሰሪን ነው። ይኸው ግሊሰሪን የመንጠቆ ትልን ስስ እንቁላል አብሮ ያጠፋዋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልታየ ከዓይን ይሰወራል። የወስፋት እንቁላል ልባሱ ወፍራም ስለሆነ ይቆያል። እኛ ያየነው ስላይዱ ከተሠራ አራትና አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ትሉ መንደሩ ውስጥ ነበረ፤ የዘገየነው እኛ ነን።

በሁለተኛው ቀን ግን የተወሰኑትን እዚያው፣ ወዲያው አይተናቸው ነበር። «በጊዜ የታዩትን እንለይ» አልን። መዝገቡን ስንከፍት እኔ የተሠራበትን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ባልደረባዬ ደግሞ በፈረንጅ። እኔ 3፡00 ያልኩት ጠዋት ነው። እሱ 9፡00 ያለውም ያው ጠዋት ነው። ግን በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ስላይድ ሠርተን ነበር። ማን የትኛውን እንደጻፈ ደግሞ አልፈረምንበትም። ስለዚህ 9፡00 የሚለው ሁሉ ጠዋት ይሁን ከሰዓት የሚያውቅ ጠፋ። የሁለት ቀን ሥራ ጣልን። እነዚያን ልጆች እንደገና ሰገራ አምጡ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል።

ቀንም እንደዚሁ ነው። እባካችሁ፣ የእኛን ቀን እንዳለ ኤክሴል ውስጥ አትክተቱ! ጥቅምት 12ን 12/2/1996 ብላችሁ ብትጽፉ ምንም ሳይል ይቀበላችኋል፤ ለእሱ ግን ፌብሩዋሪ ወይም ዲሴምበር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/1996 ብትሉ እንዲህ ያለ ቀን አያውቅምና እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ስሌት ሲመጣ ያ ሰው ይዘለላል። ጳጉሜን 5ን 5/13 ብትሉት ደግሞ ሜይ 13 ሊያደርጋት ይችላል። ዕድሜ ላይ ሲደርስ ይብሳል። በ1990 ዓ.ም. የተወለደን የስድስት ዓመት ልጅ ከ2004 እ.ኤ.አ. ላይ ቀንሶ 14 ዓመት ያደረገ ተማሪ አይቻለሁ። ክብደቱን ለዕድሜው ሲያሰላ ልጁ በረሃብ ያለቀ መሰለ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ጻፉ፤ እናትየዋ የምትነግራችሁ በዚያ ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት። «ጠዋት 3፡10» በሉ፤ ጠዋት የሚለውን ቃል አትዝለሉት። ወደ ፈረንጅ የሚቀየረው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በአንድ ሰው እጅ፣ በሌላ ዓምድ። የመጀመሪያው አይሰረዝም። ማን እንደጻፈው ይፈረምበታል።

ስላይድ ላይ በማርከር መጻፍ

በእርሳስ ጻፉ። የደም ቅቡን ስላይዱ ላይ የሚያጸናው አልኮል፣ ሜታኖል፣ ማርከርን ያጥበዋል።

ወፍራሙን የደም ቅብ ሜታኖል ማስነካት

ይህን እኔ ራሴ በመጀመሪያ ሳምንቴ አድርጌዋለሁ። ለወባ ምርመራ ወፍራምና ቀጭን የደም ቅብ እንሠራለን፤ ሜታኖል የሚነካው ቀጭኑ ብቻ ነው። ወፍራሙ ላይ ቀይ የደም ሴሎቹ ጂምሳ በሚባለው ማቅለሚያ ውስጥ ባለው ውሃ መፈንዳት አለባቸው፤ ጥገኛው ተለይቶ የሚታየው ያኔ ነው። ሜታኖል ከነካው ሴሎቹ ባሉበት ይደርቃሉ፤ በሌንሱ የምታዩት ጥቅጥቅ ያለ ነገር ብቻ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነከርኳቸው። ሕመምተኞቹን ጠርተን ጣታቸውን እንደገና ወጋን። አንዲት አሮጊት ምንም ሳይሉ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በሌንሱ 100 መስክ (በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ አንድ መስክ ነው) ሳታዩ ደግሞ ወባ «የለም» ብላችሁ አትጻፉ።

«ይሄ ምን ይጠቅማል» ብሎ አለመጻፍ

ባልደረባዬ ማስታወሻ ደብተር አይለየውም ነበር። ሁሉን ይጽፋል፦ ዝናብ፣ የወንዙ ከፍታ፣ ልጆቹ ጫማ ማድረግ አለማድረጋቸውን። እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ተመራማሪውን ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቡ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው አልፏል፤ ቀንድ አውጣው ለምን ሞተ ብለው የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ፎርሙ ላይ ቦታ ስለሌለው ብቻ ያያችሁትን አትተዉት። ከኋላው ጻፉት።

ሌላም አለ፦ በሚታተመው የምርምር ጽሑፍ ላይ የማን ስም እንደሚቀድም ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። እኛ አልተነጋገርንም። ሁለት ዓመት ተኮራረፍን።

ውጤቱን ሳይመልሱ መቅረት

ይህን የምጽፈው ከልቤ ነው። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ከደምቢያው የወባ እልቂት ማግስት ነው። እዚህ ከተማ የጤና ምርምር ከገጠሩ ሰው ሊለይ አይችልም። ሆኖም ሰገራና ደም ወስዶ የሚጠፋው ብዙ ነው።

ናሙናውን ድጋሚ ልንሰበስብ ስንሄድ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ዶክተር፣ ያኔ የልጄን ወስዳችሁ ነበር። ምን ተገኘበት?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ስሙን በኮድ ቀይረን የስም ዝርዝሩን ጎንደር ትተነው መጥተናል። ባልደረባዬ አፈረ። እኔም አፈርኩ።

የልጁን አዲስ ስላይድ እዚያው ሠርተን ወዲያው አየነው። በሌንሱ ሥር የመንጠቆ ትሉ እንቁላል ቁልጭ ብሎ ታየ። እናትየዋን ጠርተን አሳየናቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዩ፤ ከዚያ ልጁን ጠርተው እሱም እንዲያይ አደረጉ። በማግስቱ ከጤና ጣቢያው 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ይዘን ተመለስን። ልጁ ፊታችን ዋጣት።

ባልደረባዬ ቡናውን አስቀምጦ «ኮዱ 47 ነበር» አለኝ።