ሪፋምፒሲን ሲወሰድ፦ የሚያስደነግጠውና የሚያሰጋው

ሪፋምፒሲን በተለመደው የ6 ወር የቲቢ ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ብቻውን ከተወሰደ ተሕዋስያኑ ስለሚለማመዱት ሁልጊዜ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ለይቶ ማወቅ በከንቱ ከማቋረጥም፣ አደጋን ችላ ከማለትም ያድናል።

ሽንት ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሆነ። ብዙ ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። ደም አይደለም፤ የመድኃኒቱ የራሱ ቀለም ነው። ላብና እንባም ሊቀልም ይችላል። ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ በዓይን ላይ የሚደረግ ለስላሳ ሌንስ ግን ቀለሙ ስለማይለቅ በመነጽር ይተካ።

የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ሆነ። ይህ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቆማችሁ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። ቢጫነት ካለ፣ ወይም የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ማስመለስና በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ሕመም ከመጣ፣ ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አብረው የሚሰጡት አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድም ጉበትን ስለሚጎዱ ጥፋተኛውን በግምት መለየት አይቻልም። የሚቀጥለውን መጠን ሳትውጡ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የጉበት ምርመራ ይደረጋል። አልኮል አደጋውን ያባብሳል።

ማቅለሽለሽ ብቻ ከሆነ። መድኃኒቱ በደንብ የሚሰርገው በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ነው። ሆድ አልችል ካለ ግን ከጥቂት ምግብ ጋር መውሰድ ከማቋረጥ እጅግ ይሻላል።

ከዋጡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የአጥንት ቁርጥማት። ብዙውን ጊዜ መነሻው እያቆራረጡ መውሰድ ነው። ካቋረጣችሁ በኋላ በራሳችሁ አትጀምሩ፤ አልፎ አልፎ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ሌላ መድኃኒት መሥራት አቆመ። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል ሊከሽፍ ይችላል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለ4 ሳምንታት ያህል ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ለደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንና ለኤችአይቪ መድኃኒቶችም ይህ እውነት ነው፤ ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ እንዲሆን ይደረጋል። የምትወስዱትን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ለባለሙያው ንገሩ።

ቆዳ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ወይም የድድ መድማት። የደም አርጊ ሕዋሳት ቀንሰው ይሆናል። መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መንስኤው ሪፋምፒሲን መሆኑ ከተረጋገጠ ዳግመኛ አይሰጥም።