ስለ ሩቅ ዘመን ልብወለድ አስተያየት ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሺህ ወይም ሚሊዮን ዓመት አሻግሮ የሚወስድ ሳይንሳዊ ልብወለድ አንብቦ ዝም ማለት ይከብዳል። ለሰው መናገር ያሰኛል። እኔ ቀጥሎ የማነበውን አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው ከሌሎች አንባቢዎች አስተያየት ተነስቼ ነው። ስለዚህ ጥሩ መጽሐፍ በተሳሳተ ሚዛን ሲመዘን ከልቤ ይቆጨኛል።

እንደ ትንቢት መመዘን። "ይሄ መቼም አይሆንም" ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው። ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው "የጊዜ ማሽን" ተጓዡን ወደ 802,701 ዓ.ም. ይልከዋል። ያን ዓመት ለመተንበይ ግን አልነበረም። በእንግሊዝ በሀብታምና በሠራተኛ መካከል ያየው ርቀት እየሰፋ ቢሄድ ሰው ምን ይሆናል ብሎ ነው የጠየቀው። አስተያየት ሰጪው ይህን ጥያቄ ካላየ መጽሐፉን ገና አላገኘውም።

ተራኪው ያለውን ሁሉ ደራሲው ያምናል ማለት። የዌልስ ተጓዥ መጀመሪያ ስላየው ዓለም አንድ ግምት ይይዛል። ቆይቶ ራሱ ያፈርሰዋል። ግማሹ ላይ ያቆመ ሰው የተጓዡን ስህተት በደራሲው ላይ ይለጥፋል።

እንግዳ ቃል ሲበዛ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ። እኔም አንድ ጊዜ ስድሳ ገጽ አንብቤ "አይገባም" ብዬ ፈርጄ ነበር። ከወራት በኋላ ስመለስበት ቃላቱ አንድ በአንድ ተፈቱልኝ። የፍራንክ ኸርበርት "ዱን" (1965) መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለው። "በዚያ ሁሉ ዘመን ኮምፒውተር የለም እንዴ?" የሚል ቅሬታም ይሰማል። የሚያስቡ ማሽኖች ለምን እንደተከለከሉ መጽሐፉ ይነግረናል፤ ስሌቱን የሚሠሩትም ለዚሁ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ማቆም መብት ነው። ግን "እስከዚህ ገጽ ድረስ ነው ያነበብኩት" ማለት ያስፈልጋል።

የሳይንስ ስህተትና የመጽሐፉን ሕግ ማደባለቅ። ይህ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፀሐይ ቀጥሎ ወዳለው ቅርብ ኮከብ ለመድረስ ለእሱም ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ታዲያ በልብወለዱ የጠፈር መርከቡ በአንድ ቀን ከኮከብ ኮከብ ቢደርስ ብዙዎች "ተሳስቷል" ይላሉ። ደራሲው ያንን ጉዞ አውቆ ፈቅዶት ከሆነ የዓለሙ ሕግ ነው፣ ተቀብለነው እንቀጥላለን። ቅሬታው እውነተኛ የሚሆነው ሕጉ ሲፈርስ ነው። መጀመሪያ ወራት የፈጀ ጉዞ፣ ጀግናው ሲቸኩል ያለ ምክንያት በአንድ ሌሊት ካለቀ ደራሲው አታልሎናል። ይህን የሚያሳይ አስተያየት ወርቅ ነው። የት ቦታ እንደሆነ ቢጠቅስ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።

ሁሌም አንድ ጀግና መፈለግ። ኦላፍ ስቴፕልደን በ1930 ባወጣው ልብወለድ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያህል ይሸፍናል። አሥራ ስምንት የሰው ዝርያዎች ይፈራረቁበታል። "ገጸ ባሕርያቱ ልቤ ውስጥ አልገቡም" ማለት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ ታሪኩ የሰው ልጅ በሙሉ ነው። መሰልቸትን መናገር ያባት ነው፤ መጽሐፉ ያልሞከረውን ነገር አላደረገም ብሎ መክሰስ ግን አግባብ አይደለም።

መጨረሻውን ያለ ማስጠንቀቂያ መናገር ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ማን ሞተ ከሚለው ይልቅ የሚጎዳው ያ ዓለም እንዴት እንደዚያ ሆነ የሚለውን መግለጥ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ልብ ሰቀላው እሱ ነው።

"ይደብራል" ብሎ መተው። የቱ ጋ ደበረህ? መሃል ላይ ጉዞው ረዘመ? ጦርነቱ በዛ? "ከተማዋን ለመግለጽ አርባ ገጽ ፈጀ፣ እዚያ ደከመኝ" ብለህ ጻፍልኝ። እኔ እነዚያን አርባ ገጾች ስፈልግ የኖርኩ ሰው ልሆን እችላለሁ።