ሥር አውጥቶ ቡቃያ የነፈገኝ የቤጎኒያ ቅጠል

ሬክስ ቤጎኒያ የተባለውን፣ ለቅጠሉ ውበት የሚተከል የቤት ውስጥ ተክል ለማራባት የቆረጥኋቸው ቅጠሎች በሥር ማብቀያ ዱቄት ተነክረው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ሥር ቢያወጡም ቡቃያ አልሰጡም ነበር። ምክንያቱ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ኦክሲን የተባለ የዕፅዋት ሆርሞን ሥርን ሲያበረታታ ቡቃያን የሚያፍን መሆኑ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ስኩግና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1957 በትምባሆ ላይ እንዳሳዩት፣ ኦክሲን ሲያይል ሥር፣ ሳይቶካይኒን የተባለው ሌላው የዕፅዋት ሆርሞን ሲያይል ደግሞ ቡቃያ ይበቅላል። ስለዚህ ዱቄቱን ትቼ፣ የሳይቶካይኒን ዓይነት የሆነውን ቤንዚልአዴኒን 10 ሚሊግራም በጥቂት አልኮል ካሟሟሁ በኋላ ከአንድ ሊትር ውሃ ጋር ቀላቀልሁ፤ በቅጠሉ ጀርባ ያሉትን ዋና ዋና ጅማቶች በንጹሕ ምላጭ በጥቼ፣ ብጣቶቹን በዚሁ ውሃ አርሼ፣ ቅጠሉን በእርጥብ አሸዋ ላይ አንጥፌ በፕላስቲክ ሸፈንሁት። ከየብጣቱ ፀጉራም፣ ቀላ ያሉ ጥቃቅን ቅጠሎች ብቅ አሉ፤ እጅግ ያምራሉ። መጠኑን ማብዛት ግን አልመክርም፤ ቡቃያው ይጨናነቃል፣ ሥሩም ይዘገያል።