ሳይጠሩት አቤት የሚል ኮድ፦ የዳይናሚክ ስኮፒንግና የአስፔክት ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ኮዱን ደጋግማችሁ አንብባችሁታል። ስህተት አይታይም። ራን ስታደርጉት ግን የራሱን ነገር ይሠራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ጠራው?» ብዬ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች ብዙዎቹ የሚፈቱት በዚህች ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። አንድ ፈንክሽን እሱ ውስጥ ያልታወጀ ቫሪያብል ሲያጋጥመው ዋጋውን ከየት ያምጣ? በሌክሲካል ስኮፒንግ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣል። የተጻፈበት ቦታ የሚያውቀውን ያውቃል፤ የትም ቢጠሩት አይለወጥም። በዳይናሚክ ስኮፒንግ ግን ስንቅ የለውም። የጠራው ቤት ያቀረበለትን ይበላል፤ ዛሬ ዶሮ ወጥ፣ ነገ ሽሮ። የድሮዎቹ ሊስፖች (የሊስፕ ቤተሰብ ቋንቋዎች) እንዲህ ነበሩ። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀራልድ ሰስማንና ጋይ ስቲል ስኪም የተባለውን ሊስፕ ሲሠሩ ሌክሲካሉን መረጡ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ቋንቋዎች አብዛኞቹ በዚያው መንገድ ሄዱ። ዳይናሚኩ ግን አልሞተም። ባሽ (የሊኑክስ የትዕዛዝ ሼል) ውስጥ አለ፣ ኢማክስ ሊስፕ (የኢማክስ ኤዲተር ቋንቋ) ውስጥ አለ፣ የፐርል ቋንቋ «ሎካል»ም እሱው ነው።

ምልክት፦ ሉፑ አያልቅም

የራሴን ልናገር። አምስት ፎልደሮችን ባክአፕ የሚያደርግ የባሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ማታ አስነስቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ አሁንም እየሠራ ነው። ሎጉን ስከፍተው አንደኛው ፎልደር አንዴ፣ ከዚያ አምስተኛው፣ አምስተኛው፣ አምስተኛው… ገጹ ማለቂያ የለውም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጭራሽ የሉም።

ምክንያቱ ይኸው። ሉፑ የሚቆጥረው «አይ» በምትባል ቫሪያብል ነው፤ ከ0 ይነሳል፣ ከ5 በታች እስከሆነች ድረስ ይዞራል። ሉፑ ውስጥ የምጠራው ፈንክሽን ደግሞ ሦስት ጊዜ የሚዞር የራሱ ትንሽ ሉፕ አለው። የእሱም መቁጠሪያ «አይ» ናት። ባሽ ውስጥ ካላወጃችሁ በቀር ሁለቱ አንድ ናቸው። ፈንክሽኑ ሲጨርስ «አይ»ን 3 ላይ ጥሏት ይወጣል። የውጪው ሉፕ አንድ ይጨምርና 4 ያደርጋታል፤ ከ0 ስለምንቆጥር 4 ማለት አምስተኛው ፎልደር ነው። ፈንክሽኑ እንደገና ይጠራል፣ እንደገና 3፣ እንደገና 4። 5 ላይ የሚደርስበት ቀን የለም።

መፍትሄው አንድ መስመር ነው፦ ፈንክሽኑ ውስጥ መጀመሪያ «ሎካል አይ» ማለት። እኔ አሁን ባሽ ውስጥ ሎካል ያልተባለ መቁጠሪያ ሳይ ያመኛል።

ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የባሽ ሎካል የግል ማለት አይደለም። ያወጀው ፈንክሽን የሚጠራቸው ሁሉ ያዩታል፤ እነሱ የሚጠሯቸውም ጭምር። ቃላት መለያውን «አይኤፍኤስ»ን ሎካል አድርጋችሁ ኮማ ብትሰጡት፣ ከስር የምትጠሩት የሌላ ሰው ፈንክሽን ሁሉ በኮማ መቁረጥ ይጀምራል። ለአንድ መስመር ንባብ ብቻ ከፈለጋችሁት ከ«ሪድ» ትዕዛዝ ፊት፣ እዚያው መስመር ላይ ስጡት። ትዕዛዙ ሲያልቅ ለውጡም አብሮ ያልቃል። በተቃራኒው፣ የፈንክሽኑ ለውጥ ወደ ውጪ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ አካሉን በጥምዝ ቅንፍ ፈንታ በክብ ቅንፍ ጻፉት፤ ለብቻው በተከፈለ ሼል ውስጥ ይሠራና ያበላሸውን ይዞ ይሞታል።

ምልክት፦ ኢማክስ ቫሪያብሉ ዋጋ የለውም ይላል

«ሌት» (ለጊዜው ቫሪያብል መሰየሚያ) ውስጥ አንድ ቁጥር ሰይማችሁ፣ ቁጥሩን የሚጠቀም ላምዳ (ስም የሌለው ፈንክሽን) ሠርታችሁ መለሳችሁ። ላምዳው በኋላ ሲጠራ ቁጥሩ የለም። ስንቅ የለውም ያልነው ይህ ነው፤ «ሌት»ዋ ካለቀች ቆይታለች። ከኢማክስ 24 (2012) ጀምሮ መድኃኒቱ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ሌክሲካል-ባይንዲንግ»ን ቲ (እውነት) ማድረግ ነው።

እዚህ ጋ ሁለተኛው ችግር ይወለዳል። መስመሩን ጨመራችሁ፣ ላምዳው ተስተካከለ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ቦታ በ«ሌት» የቀየራችሁት ሴቲንግ ዝም ብሎ አይሰማም። ኤረር የለም፣ ምንም የለም። ድሮ የምትጠሩት ፈንክሽን ያንን ሴቲንግ ያየው የነበረው በዳይናሚኩ መንገድ ነው። አሁን «ሌት»ዋ የእናንተ ብቻ ሆናለች። ቫሪያብሉን በ«ዴፍቫር» አውጁት፤ ያን ጊዜ ልዩ ይሆንና እንደ ድሮው በዳይናሚክ ይሄዳል። ፋይሉን ኮምፓይል ስታደርጉ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ሌክሲካል ቫሪያብል» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ዳይናሚክን አጥፉት እያልኩ አይደለም። ኢማክስ ውስጥ ፍለጋው ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዲለይ ለአፍታ ከፈለጋችሁ «ኬዝ-ፎልድ-ሰርች»ን በ«ሌት» ኒል (ሐሰት) ታደርጓታላችሁ። ከስር ያለው የፍለጋ ፈንክሽን ሁሉ ይታዘዛል፤ ስትወጡ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያለዚያ አንዲት መረጃ በአስር ፈንክሽን ውስጥ እየተቀባበሉ ማሳለፍ ነው። ኮመን ሊስፕ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አውቀው ዳይናሚክ ቫሪያብልን በሁለት ኮከብ መሃል ይጽፉታል። አንባቢው ሲያየው «ይሄ ከሩቅ ሊቀየር ይችላል» ብሎ ይነቃል።

ክሎዠር (ይህም ከሊስፕ ቤተሰብ ነው) የምትጽፉ ደግሞ፦ «ባይንዲንግ» ውስጥ «ማፕ» አድርጋችሁ ውጤቱ አሮጌውን ዋጋ ከያዘ፣ ማፕ ሰነፍ ስለሆነ ነው። ሥራውን የሚጀምረው ከባይንዲንጉ ከወጣችሁ በኋላ ነው። በ«ዱኦል» አስገድዱት ወይም «ማፕቪ» ተጠቀሙ።

ከቫሪያብል ወደ ፈንክሽን

አሁን አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ። የጠራችሁት ቫሪያብል ከሩቅ ከተቀየረ፣ የጠራችሁት ፈንክሽን ለምን አይቀየርም? አስፔክት ኦሬንትድ ፕሮግራሚንግ ይኸው ነው። ግሬጎር ኪዛሌስና ባልደረቦቹ በዜሮክስ ፓርክ ሆነው በ1997 ስም አወጡለት። ሎግ፣ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚሠራ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ ሥራ)፣ ፈቃድ ማረጋገጥ የመሳሰሉት በየፋይሉ ከሚበተኑ አንድ ቦታ ይጻፉና፣ «እንዲህ ያለ ፈንክሽን ሲጠራ አንተም ግባ» ይባላሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! በ2003 ፓስካል ኮስታንዛ የአስፔክት ዋናው ነገር ዳይናሚክ ስኮፕ ያላቸው ፈንክሽኖች ናቸው ብሎ ተከራክሯል። እኔም እስማማለሁ። ችግሮቹም ወንድማማች ናቸው።

ምልክት፦ «ትራንዛክሽናል» ተጽፏል፣ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም

ስፕሪንግ (የጃቫ ፍሬምወርክ) ላይ ነን። ከአንዱ አካውንት ተቀነሰ፣ መሃል ላይ ኤረር መጣ፣ ተመልሶ መሰረዝ ሲገባው አልተሰረዘም። «ትራንዛክሽናል» የሚለው አኖቴሽን (ኮዱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ሜቶዱ ላይ ተቀምጧል።

ስፕሪንግ በተለመደው አሠራሩ ክላሳችሁን አይነካውም። ፕሮክሲ የሚባል ዘበኛ በሩ ላይ ያቆማል። ከውጪ የሚመጣ ጥሪ በዘበኛው በኩል ያልፋል፤ ትራንዛክሽን የሚከፍተው እሱ ነው። አንድ ሜቶድ እዚያው ክላስ ውስጥ ያለ ሌላ ሜቶድን ሲጠራ ግን ከሳሎን ወደ ኩሽና እንደ መሄድ ነው። ማን ይፈትሸዋል? ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሜቶዱ ውስጥ ብሬክፖይንት አድርጉና የጥሪውን ቁልል ተመልከቱ። ከሜቶዱ ጠሪዎች መካከል «ትራንዛክሽን ኢንተርሴፕተር» የሚል ከሌለ ዘበኛው አልነቃም።

ሜቶዱን ወደ ሌላ ክላስ አውጡትና በዚያ በኩል ጥሩት። ለእኔ ንጹሑ መፍትሄ ይህ ነው። ካልሆነ አስፔክትጄይን (የጃቫ የአስፔክት መሣሪያ) ተጠቅማችሁ አስፔክቱን ከራሱ ከክላሱ ባይትኮድ (ኮምፓይል ከተደረገው ኮዱ) ጋር መሸመን ይቻላል፤ ያን ጊዜ ዘበኛው ኩሽናም ገብቷል። ቁልሉ ላይ ኢንተርሴፕተሩ ኖሮም ካልተሰረዘ የኤክሴፕሽኑን ዓይነት እዩ። ስፕሪንግ ካላዘዛችሁት በቀር ለቼክድ ኤክሴፕሽን (ጃቫ ያዙት ወይም አውጁት ብላ ለምታስገድደው የኤረር ዓይነት) አይሰርዝም፤ «ሮልባክፎር» ላይ ስሙን ስጡት።

ምልክት፦ ስም ቀየርኩ፣ ሎጉ ጠፋ

አጭር ነው። ፖይንትከቱ (አስፔክቱ የት እንደሚገባ የሚመርጠው መግለጫ) «በ"ሴቭ" የሚጀምር ሁሉ» ይላል፤ እናንተ ሜቶዱን «ስቶር» አላችሁት። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፣ አስፔክቱ ግን ቀረ። በስም ፈንታ በአኖቴሽን ምረጡ። አስፔክትጄይ አንድ አድቫይስ (አስፔክቱ የሚያስገባው ኮድ) የትም ካልገጠመ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ወደ ኤረር ከፍ አድርጉት።

ምልክት፦ የአንዱ ተጠቃሚ ስም የሌላው ሎግ ላይ

ሎግ የሚጽፈው አስፔክት የተጠቃሚውን ስም ከ«ትሬድሎካል» (እያንዳንዱ ትሬድ፣ ማለትም የሥራ መስመር፣ ለራሱ ከሚይዘው ኪስ) ያነባል። ትሬድሎካል በጃቫ የዳይናሚክ ስኮፕ ምትክ ነው፤ ግን መውጫ በር የለውም። ትሬዱ ከፑል (ተደጋግመው ከሚሠራባቸው ትሬዶች ክምችት) የመጣ ስለሆነ ጥያቄውን ጨርሶ ሌላ ሰው ለማስተናገድ ይመለሳል፤ የቀድሞው ሰው ስም ኪሱ ውስጥ ነው። «ፋይናሊ» ውስጥ «ሪሙቭ» ማድረግ ግዴታ ነው።

በመስከረም 2025 የወጣው ጃቫ 25 ላይ «ስኮፕድ ቫልዩ» ከሙከራ ወጥቷል። ዋጋው ለተወሰነ ብሎክ ይሰጣል፣ መሃል ላይ አይቀየርም፣ ብሎኩ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል። እንደ «ሌት» ማለት ነው። ብቻ ሥራውን ወደ ተራ የትሬድ ፑል ከላካችሁት ዋጋው አብሮ አይሄድም፤ እዚያ ያለው ትሬድ ሲጠይቅ ኤክሴፕሽን ይደርሰዋል።