ዳቦ ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት፦ የምግብና የምስጢር ልቦለድ ጸሐፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዚ ሚስትሪ የሚባለውን የልቦለድ ዓይነት በጣም እወደዋለሁ። ሁሉም የሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ አለች። አንድ ሰው ይሞታል፤ ደሙንና ጭካኔውን ግን ብዙም አናይም። ነገሩን የምትፈታው ዳቦ ጋጋሪዋ ወይም የኬክ ቤቱ ባለቤት ናት። ላንባቢ ቀላል ነው፣ ለጸሐፊ ግን አይደለም። የጀማሪዎችን ረቂቅ ሳነብ የማገኛቸው ስህተቶች ደግሞ ተመሳሳይ ናቸው።

ትልቁ ስህተት ምግቡን ጌጥ ማድረግ ነው። ዳቦ ቤቱን አውጥታችሁ በቦታው የመጻሕፍት መደብር አስገቡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከቀጠለ፣ ዳቦው ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። ሥራ ስጡት። ጋጋሪ ከተማው ተኝቶ እያለ ይነሳል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ማን እንዳለፈ የሚያየው እሱ ነው። ሊጥ ደግሞ ራሱ ሰዓት ይቆጥራል። ተጠርጣሪው «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አቡክቼ ከዚህ አልተንቀሳቀስኩም» ይላል እንበል። ጋጋሪዋ 12 ሰዓት ላይ ስትደርስ ማድ ቤቱ ሞቃት ነው፤ በእርሾ የተቦካው ሊጥ ግን ገና ኩፍ አላለም። በ3 ሰዓት ውስጥ እጥፍ መሆን ነበረበት። ታዲያ ሰውዬው እስካሁን የት ነበር? «ፍሪጅ ውስጥ አቆይቼው ነው» ካለስ? ያኔ ሊጡን በእጇ ትነካዋለች፤ ቀዝቃዛ አይደለም። እንዲህ ያለ ፍንጭ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፦ ጀግናዋ ጎበዝ እንድትመስል ፖሊሱን ደደብ ማድረግ። አያስፈልግም። ፖሊሱ ላቦራቶሪና የአስከሬን ምርመራ አለው። እሷ ሊጡን ታውቃለች፤ ሰውም ዳቦ እየገዛ ለፖሊስ የማይናገረውን ለእሷ ያወራታል። ሁለቱም በየሙያቸው ይጎብዙ።

የመርዙ ነገር ደግሞ ሁሌ ያናድደኛል። ሟቹ ኬኩን አንዴ ይገምጥና እዚያው ይወድቃል። አብዛኛው መርዝ እንዲህ አይሠራም። ዴዝ ካፕ የሚባለውን መርዛማ እንጉዳይ ውሰዱ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከተበላ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ በሽተኛው የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ጉበቱ እየተጎዳ ነው። ይህ መዘግየት ለጸሐፊ ሀብት ነው። ሰውዬው ሲታመም ሳህኑ ታጥቧል፣ እንግዶቹ ተበትነዋል፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታም በልቷል። ተጠርጣሪው በዛ ማለት ነው። ስትሪክኒን ደግሞ እጅግ መራራ ነው። ክሬም ውስጥ ከተታችሁት ሟቹ መትፋት አለበት፤ ወይ መጀመሪያውኑ መራራ በሆነ ነገር መደበቅ አለባችሁ። ታዋቂዋ የምስጢር ልቦለድ ጸሐፊ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1920 በወጣው የመጀመሪያ ልቦለዷም ይህ እውቀት በግልጽ ይታያል። እኛ ቢያንስ ስለምንመርጠው አንድ መርዝ በደንብ እናንብብ።

ፍንጭ መደበቅና አንባቢን ማታለል ይለያያሉ። እንግሊዛዊው ቄስና የምርመራ ልቦለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርመራ ልቦለድ ባወጣቸው 10 ሕጎች ውስጥ የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት ይላል። አሁንም ይሠራል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቅ የሚል የሩቅ ዘመድ ገዳይ ሲሆን አንባቢ ይናደዳል፤ እውነቱን ነው። ፍንጩን ዓይኑ ፊት አስቀምጡለት፣ ግን በሌሎች ነገሮች መካከል። የምግብ ልቦለድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ አንባቢ ዝርዝር ሲያይ ቶሎ ያልፋል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ የቫኒላ ጠርሙስ፣ ክዳኑ የተከፈተ የማር ማሰሮ። ማሰሮውን ማን ከፈተው? ከ20 ምዕራፍ በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

የምግብ አሠራር የምታስገቡ ከሆነ ምዕራፉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ገዳዩ በር ላይ ቆሞ እያለ የስኳር ልክ ማንበብ የሚፈልግ የለም። ደግሞም ሠርታችሁ ሞክሩት፤ አንባቢዎች በእርግጥ ይጋግሩታል።

የመጨረሻው ስህተት ልቤን የሚነካኝ ነው። ሟቹ ማንም የማይወደው ክፉ ሰው ይሆንና ማንም አያለቅስለትም። ከተማዋ ትንሽ ናት ብለናል፤ በትንሽ ከተማ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ሲሆን ይታያል። ሟቹ ክፉም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይገዛ ነበር። ጋጋሪዋ በማግስቱ በልማድ የእሱን ዳቦ ለይታ ታስቀምጣለች። ማታ ሱቁን ስትዘጋ ዳቦው እዚያው አለ። ይህን ትዕይንት ጻፉት። ከዚያ በኋላ ምርመራ ብትጀምር «እሷ ምን አገባት?» የሚል አንባቢ አይኖርም።